ለአንድ ልጅ ስንት አፕ?

ደክሞናል። ይህን የምለው ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ባለችው አጭር መንገድ፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ቡና ሊጠጣ ወይም እንጀራ ሊገዛ ጎራ ሲል የሚያነሣው ነገር ይኸው ነው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት፣ ስለ አገር ቤት የምናወራው እንዳለ አለ። ነሐሴ ገባ ሲልና ትምህርት ሲከፈት ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል፦ «የእናንተ ልጅ አስተማሪ ዘንድሮ በምንድን ነው መልእክት የምትልከው?»

በብዙ ነገር ነው የምትልከው። አንዷ በክላስዶጆ፣ ሌላዋ በሪማይንድ፤ የቤት ሥራው ስኩሎጂ ላይ ወይም ጎግል ክላስሩም ላይ፤ የሒሳብ ልምምዱ አንድ ቦታ፣ ንባቡ ሌላ ቦታ፤ ልጁ የቀረበት ቀንና ውጤቱ የወላጅ ፖርታል ላይ። እያንዳንዱ የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ፓስወርድ አለው። ሁለት ልጅ ያለው ይህን ሁሉ በሁለት ያባዛል። ትልቁ ልጅ መካከለኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ በየትምህርቱ አስተማሪው ስለሚለያይ፣ ስድስት አስተማሪ ስድስት ዓይነት ልማድ ይዞ ይመጣል። ሥራ ላይ ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ሲንጫጫ ይውላል። የቱ አስቸኳይ እንደሆነ፣ የቱ የትምህርት ቤት ቲሸርት ማስታወቂያ እንደሆነ ለመለየት ሁሉንም መክፈት ያስፈልጋል። ሆስፒታል የሚሠራው፣ ኤርፖርት የሚሠራው፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው መቼ ይክፈተው? ማታ ሲከፍተው ሠላሳ ይሆናል፤ ከሠላሳው ውስጥ አንዷ «ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስብሰባ አለን» የምትለው ናት፤ እሷም የተላከችው ትናንት ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ የሚቀርቡልን አስተማሪን፣ ተማሪንና ወላጅን ያገናኛሉ ተብለው ነው። አልተገናኘንም። ይህን በግልጽ የሚናገርልን ሰው ስላጣን ነው እርስ በርሳችን የምናጉረመርመው።

ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ከመሰየሙ በፊትም ቢሆን፣ አዲስ የመጣ ሰው ማንኛውንም ነገር የሚማረው ከቀደመው ሰው ነበር። መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ታክስ ማን ጋ እንደሚሠራ፣ ኢንሹራንስ የሌለውን የትኛው ክሊኒክ እንደሚቀበል ሱቅ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት፣ ከቅዳሴ በኋላ ከሚደረግ ጨዋታ፣ ከምግብ ቤቱ ባለቤት እንሰማለን። ያወቀ ላላወቀ ያሳያል። በዚህ ነው የኖርነው። በዚህ በትምህርት ቤቱ ነገር ግን አንዳችን ሌላችንን መርዳት አቃተን። ፌርፋክስ ላይ እንገናኝ እንጂ አብዛኞቻችን እዚያ አንኖርም፤ አንዱ ኢንግልውድ፣ አንዱ ከልቨር ሲቲ፣ አንዱ ከተራራው ማዶ ሸለቆው ውስጥ ነው። ኢንግልውድና ከልቨር ሲቲ የየራሳቸው የትምህርት ዲስትሪክት አላቸው። በዚያው በሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት ውስጥ እንኳ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች አስተማሪዎች አንድ ዓይነት ነገር ላይጠቀሙ ይችላሉ። አምና የለመድነው ደግሞ ዘንድሮ ይቀየራል። ስለዚህ ሃያ ዓመት የኖረው፣ ለሌላው ሁሉ መላ የሚያውቀው ሰው፣ ስልካችንን ተቀብሎ ትንሽ ነካክቶ «ይሄ የእኛ ልጆች ጋ ያለው አይደለም» ብሎ ይመልስልናል። ለየብቻችን ቀርተናል። ማኅበረሰብን ከሚያስተሳስረው እውቀት ውስጥ አንዱ፣ ያውም የልጅ ነገር፣ ከእጃችን ወጣ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በወላጅና በልጅ መካከል የገባው ነገር ነው።

መልእክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ በቤቱ ውስጥ አጣርቶ የሚያነበው ልጁ ነው። ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ፣ የተረሳውን የሚያስተካክለው እሱ፣ የወላጁን ፖርታል ሳይቀር የከፈተው እሱ ነው። እናት ስልኳን ትዘረጋለታለች፤ «ምን ይላል?» ትለዋለች። «ምንም አይደለም፣ ስለ ሽርሽር ነው» ይላታል። ያልተሠሩ የቤት ሥራዎች ዝርዝር ሊሆን ይችላል፤ አስተማሪዋ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ ብላም ሊሆን ይችላል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በራሱ ላይ የቀረበን አቤቱታ በታማኝነት እንዲያነብ መጠበቅ በልጁ ላይ መፍረድ ነው። ግን እንዲህ ያለው ነገር አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ሲደጋገም፣ እናት ስለ ልጇ የምታውቀው ልጇ እንድታውቅ የፈቀደላትን ብቻ ይሆናል። ልጁም ይህን ያውቃል። ቁጣዋን አይፈራም፤ ምክሯንም መስማት ይተዋል፤ ምክንያቱም ስለ ትምህርቱ ምንም እንደማታውቅ በየቀኑ ያያል።

እኛ ስንማር ያጠፋ ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ይባል ነበር። ያ ነገር ክብደት ነበረው። አባት ወይም እናት፣ እነሱ ካልተመቻቸው አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ይሄዳል፤ አስተማሪው ፊት ይቆማል፤ የተባለውን በጆሮው ይሰማል፤ የሚለውንም ይላል። አዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የመገናኛ ደብተር አላቸው፤ አስተማሪዋ ትጽፋለች፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ደብተሩ ከቦርሳው ጋር ይመላለሳል። ያንን ሥርዓት ላሞግሰው አልፈልግም፤ ብዙ ዱላ ነበረበት፣ ብዙ ልጅ በፍርሃት ትምህርቱን ጠልቷል። ነገር ግን ፊርማው የወላጅ ነበር። አሁን በአፑ ላይ «አንብቤያለሁ» የምትለውን ምልክት የሚጫነው ማን እንደሆነ አስተማሪዋ በምን ታውቃለች?

ትርጉም አለ ይሉናል። አዎ፣ ጎግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የራሳችን ፊደል ስልካችን ላይ መታየቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ስለ ልጅ ጠባይ በጥንቃቄ የተጻፈ የአስተማሪ መልእክት በማሽን ተተርጉሞ ሲመጣ፣ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል፤ ልጁ መታ ወይስ ተመታ አይለይም። ወላጅ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ልጁን ይቀጣል ወይም ያልሆነ ነገር ጽፎ ይመልሳል። ስልክ ደውሎ ከሰው ጋር ለመነጋገር ሲሞክር፣ መልእክትዎን በአፑ ይላኩ የሚል የተቀዳ ድምፅ ይቀበለዋል።

የዚህ ከተማ ወላጅ ይህን ድካም የለመደው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሎስ አንጀለስ የትምህርት ዲስትሪክት ለእያንዳንዱ ተማሪ አይፓድ ልስጥ ብሎ ተነሣ። ዕቅዱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ፣ ቦይል ሃይትስ ያለው የሩዝቬልት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተገጠመውን እገዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ አልፈው ወደፈለጉት ድረ ገጽ ገቡ። መሣሪያው ወደ ቤት ይሂድ አይሂድ፣ ቢጠፋ ወላጅ ይክፈል አይክፈል የሚለው ክርክር ሳይቋጭ፣ በ2014 ኦገስት ዋና ኃላፊው ጆን ዴዚ ውሉን አቆሙት፤ ኦክቶበር ላይ እሳቸውም ሥራቸውን ለቀቁ። ያንን ጊዜ የሚያስታውሱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ልጅ ወልደዋል።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ማርች 16 ቀን 2020 የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ቀን ኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶቿን መዝጋቷን አስታወቀች። እህቶቻችን አዲስ አበባ ሆነው የልጆቻቸውን ትምህርት በቴሌግራም እየተቀበሉ፣ እኛ እዚህ በዙም። ዲስትሪክቱ ለኮምፒዩተርና ለኢንተርኔት 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ያን ጊዜ መሣሪያው አድኖናል፤ ይህን የሚክድ የለም። አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ውስጥ ሦስት ልጅ በሦስት ጥግ ተቀምጦ ሲማር አይተናል፤ አስተማሪዎቹም ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል። የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2021 ጸደይ በሩ ሲከፈት ለችግር ጊዜ የገባው ነገር ሁሉ እዚያው ቀረ። የትኛው ጠቀመ፣ የትኛው ይነሣ ብሎ ወላጅን የጠየቀ አላየሁም። በላዩ ላይ ሌላ ተጨመረ።

በ2022 ሴፕቴምበር፣ በሠራተኞች ቀን ዕረፍት፣ ሰርሳሪዎች የዲስትሪክቱን ኮምፒዩተሮች ሰብረው ገቡ። ተማሪና ሠራተኛ ሁሉ ፓስወርዱን እንዲቀይር ታዘዘ፤ ዲስትሪክቱ ቤዛ አልከፍልም ስላለ በቀጣዩ ወር የሰረቁትን መረጃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። እኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ስለ ስም፣ ስለ አድራሻ፣ ስለ ወረቀት የምንጠነቀቅ ሰዎች ነን፤ ብዙዎቻችን የተሰደድንበት ምክንያትም ያስጠነቅቃል። ከዚያ ወዲህ አዲስ አፕ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የስልክ ቁጥር በጠየቀ ቁጥር እጃችን ቢዘገይ፣ ለልጃችን ትምህርት ግድ የለንም ማለት አይደለም።

በማርች 2024 ደግሞ «ኤድ» የሚባል፣ ፈገግ ያለች ፀሐይ ምስል ያለው፣ ከተማሪና ከወላጅ ጋር የሚነጋገር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በታላቅ ዝግጅት ተመረቀ። 100 ቋንቋ ይናገራል ተባለ። የ6 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። አንድ ቦታ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ልጄ ዛሬ እንዴት ዋለ ብለን ብንጠይቅ የሚመልስልን ነገር ከተገኘ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጁን ላይ፣ የሠራው ኩባንያ ኦልሂር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ የሚነጋገረው ረዳትም ተዘጋ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የኩባንያው መሥራች ባለሀብቶችን በማታለል ተከሰሱ። 6 ሚሊዮኑ ሁሉ አልተከፈለም፤ የተከፈለው ግን ብዙ አስተርጓሚ ይቀጥር ነበር። ሰው የሆነ አስተርጓሚ፣ ስልክ የሚያነሣ፣ ወላጅ ሲያለቅስ ጠብቆ የሚቀጥል።

ስክሪን በሰው ቦታ ሲገባ ያየነው እዚህ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ መካከል በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን ያስታውሳል። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚሰራጭ ትምህርት በየክፍሉ በተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ይመጣ ነበር። አርባ ደቂቃ ካለው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚይዘው ስክሪኑ ነው፤ ለአስተማሪው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀርለታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት ይሄዳል። ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመልሳል፤ የገባውም ያልገባውም ተማሪ ቢሆን ያው ነው። እጅ ብታወጣ አያይህም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። አስተማሪዎቻችን፣ እውቀት የነበራቸው ሰዎች፣ በገዛ ክፍላቸው ጥግ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ጎበዝ አስተማሪ በሌለበት ወረዳ ያለ ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል እንዲማር ነው የታሰበው። የጎደለው ልጁን አይቶ «ቆይ፣ እንደገና እንየው» የሚል ሰው ነው።

ዛሬ ልጆቻችን ሲነግሩን የምሰማው ያንኑ ነው፤ ስክሪኑ አንሶ በየጠረጴዛው ላይ መቀመጡ ብቻ ተለየ። ክፍል ውስጥ ተማሪን ለማነቃቃት ተብሎ የሚቀርብ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ጥያቄው ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ቀድሞ በትክክል የነካ ብዙ ነጥብ ያገኛል፣ ስሙ ከላይ ይወጣል። ልጆች ይወዱታል፤ ክፍሉ ይደምቃል። ግን ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ የመጣውን ልጅ አስቡት። ሒሳቡን ያውቀዋል፣ እንዲያውም ከክፍሉ ይበልጣል። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ እስኪጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ስሙ በየዕለቱ ከታች ነው። ይህ ልጅ ሰነፍ ነኝ ብሎ ያምናል። ፊት ለፊት የቆመች አስተማሪ ግን ወረቀቱን አይታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማን እንደሆነ ታውቀዋለች።

የጠባይ ነጥብም አለ። ልጁ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ነጥብ ያገኛል፣ ካወራ ይቀነስበታል፣ ወዲያው ለወላጅ ስልክ ይደርሳል። ሥራ ላይ ሆኜ ልጄ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ነጥብ ተቀነሰበት የሚል መልእክት ሲደርሰኝ ምን ላድርግ? ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄን አጠገቤ አላገኘውም፣ አስተማሪዋም ሃያ ምናምን ልጅ ይዛ ልትመልስልኝ አትችልም። ቀኑን ሙሉ ልቤ ታስሮ ይውላል። ማታ ልጁ ራሱ ረስቶታል።

አስተማሪዎቹን አልወቅስም። የሚደክሙት ከእኛ በላይ ነው። ትምህርቱን አዘጋጅተው፣ ከዚያ አራት ቦታ ላይ ጭነው፣ ከዚያ አልከፈት ላለው ልጅ ፓስወርድ ሲያስተካክሉ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ቻርጅ ያልተደረገ ክሮምቡክ ኮምፒዩተር ይዞ የመጣ ልጅ ካለ ያ ልጅ በዚያን ዕለት ተማሪ አይደለም።

መሣሪያ ሁሉ ይጣል የሚል ሰውም አይደለሁም። አንዲት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ልጆቹን አንድ ነገር ስታዛቸው አይቻለሁ፦ ከቤታችሁ ትልቅ ሰው በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት በምን ይሄድ እንደነበር ይንገራችሁ፣ ድምፁን ቅዱ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። አንዷ ልጅ አያቷን ቀዳች። አያትየው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ናቸው፤ ወንዝ ሲሞላ እንዴት እንደሚሻገሩ፣ መጀመሪያ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል እንደቆጠሩ በአማርኛ አወሩ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ አሰማች፣ ራሷ በእንግሊዝኛ አስረዳች። ልጆቹ ጥያቄ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸውን ቀድታ ወደ ቤት ወሰደች፤ አያትየው መለሱ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተመላለሰ። ከዚያ በፊት አያትየው ከልጅቷ ትምህርት ቤት ጋር አንድም ነገር አልነበራቸውም፤ ያኔ ግን በየቀኑ «ምን አሉ ልጆቹ?» ይሉ ነበር። መሣሪያው ያው ስልክ ነው። ልዩነቱ አስተማሪዋ የምትፈልገውን አውቃ ማንሣቷ፣ ሥራው ሲያልቅም ማስቀመጧ ነው። ውድድር የለ፣ ነጥብ የለ፣ ሌላ ፓስወርድ የለ።

ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ዲስትሪክት ተማሪዎች በትምህርት ቀን ስልክ እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። ነገር ግን ስልኩ ተቆልፎ ክሮምቡኩ ተከፍቶ ከዋለ፣ ማታ ደግሞ የቤት ሥራው ሁሉ ስክሪን ላይ ከሆነ፣ ልጁ ዓይኑን ከምን አነሣ? ቤታችን ውስጥ ስክሪን እንቀንስ ስንል «የቤት ሥራዬ ነው» የሚል መልስ አለ፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል፣ በሌላ መስኮት ሌላ ነገር ከፍቶም ሊሆን ይችላል። እኛ ደብተር ገልጠን የምናየው ነገር የለንም። የሒሳብ ሥራውን በእርሳስ ሠርቶ ቢያመጣ እንግሊዝኛ የማታነብ እናት እንኳ ስሕተቱን ታያለች፤ ሒሳቡን ተምራዋለች።

በዚህ ነሐሴ ትምህርት ሲከፈት የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በትምህርት ቤት አንድ መንገድ ይመረጥ፣ አስተማሪው ሁሉ በእሱ ይላክ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ አይቀየር። የተተወው አፕ የትኛው እንደሆነ ይነገረን፤ ከስልካችን እናጥፋው። አስቸኳይ ነገር በወረቀትም ይምጣ፣ ልጁ ሳይሆን ወላጅ ይፈርምበት። ስለ ልጃችን ጠባይ የሚነገር ነገር ካለ፣ ሰው የሆነ አስተርጓሚ ባለበት በስልክ ይነገረን፤ የሌሊት ሥራ የምንሠራውም ከእንቅልፋችን ተነሥተን እናነሣለን። ወላጆችን በሚቀበሉበት በመጀመሪያው የመክፈቻ ምሽት ላይም፣ አፕ አስጭነው ከሚሸኙን ይልቅ አስተማሪዋ ከእያንዳንዳችን ጋር አምስት ደቂቃ ትቀመጥ። የልጃችንን ስም በትክክል እንዴት እንደሚጠራ እንነግራታለን፤ እሷም በስልክ በስንት ሰዓት ልናገኛት እንደምንችል በወረቀት ትጽፍልናለች።